በቀለም ጠብታ የሰውን ጠባይ የመረመረው ሐኪም
የሔርማን ሮርሻክ አጭር የሕይወት ታሪክ

የሰውን ጠባይ ለማወቅ መድከም የሁሉም ሰው ሥራ ነው። አባት ልጁን ከመዳሩ በፊት የአማቹን ጠባይ ያስጠናል። መምህር በመስከረም ወር አዳዲሶቹን ተማሪዎች በዐይኑ ይመዝናል፤ ተማሪም በበኩሉ መምህሩን ለመመዘን ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅበትም። ይህን ምዘና በሥርዓትና በመለኪያ ለማድረግ የሞከሩት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን የተነሡት በቅርብ ዘመን ነው። ከእነርሱም መካከል ለዚህ ጽሑፍ የመረጥሁት ስዊሳዊውን ሐኪም ሔርማን ሮርሻክን ነው። በዝና ፍሮይድና ዩንግ ይበልጡታል። ነገር ግን ሰውን መመዘን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከእርሱ ሕይወት ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ ያስታውሱልኝ።

ሮርሻክ በ1884 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በሻፍሐውዘን ነው። አባቱ የሥዕል መምህር ስለ ነበረ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርሳስና ቀለም ከእጁ አይለይም ነበር። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ልጆች ዘንድ የተወደደ አንድ ጨዋታ ነበር፤ ይኸውም በወረቀት ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ ወረቀቱን ማጠፍና ሲገለጥ ግራና ቀኙ እኩል የሆነውን ቅርጽ ምን እንደሚመስል መናገር ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ለሮርሻክ ያወጡለት ቅጽል ስም በጀርመንኛ የቀለም ጠብታ ማለት ነበር። ጓደኞቹ ሳያውቁት ትንቢት ተናግረው ኖሯል።

የልጅነቱ ዘመን ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እናቱ የሞተችው ገና 12 ዓመት ሲሆነው ነው፤ አባቱም 18 ዓመት ሲሞላው አረፈ። ሥዕልንና ሳይንስን እኩል ይወድ ስለ ነበረ ብዙ ካመነታ በኋላ ሕክምናን መረጠ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የአእምሮ ሕመም ሊቅ ኦይገን ብሎይለር በሚያስተምርበት ጊዜ ነው። ካርል ዩንግም በዚያው ከተማ ነበር። ዩንግ ለሰውየው አንድ ቃል ይነግረውና በመጀመሪያ የመጣለትን ቃል እንዲመልስ ያዘዋል፤ መልሱ የዘገየ እንደ ሆነ በዚያ ቃል ዙሪያ አንድ የተደበቀ ጭንቀት አለ ብሎ ይገምታል። የፍሮይድም ትምህርት ሰው ራሱ የማያውቀው የልቡ ክፍል አለው የሚል ነበር። ወጣቱ ሮርሻክ ያደገው እንግዲህ በዚህ የሐሳብ አየር ውስጥ ነው።

የሕክምና ትምህርቱን በ1909 ዓ.ም. ከፈጸመ በኋላ በልዩ ልዩ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ሠራ። በ1910 ዓ.ም. ኦልጋ የምትባል መስኮባዊት ሐኪም አገባ፤ የእርስዋንም ቋንቋ አሳምሮ ያውቅ ስለ ነበረ ከ1913 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጥቂት ወራት በሞስኮ አጠገብ ሠርቶአል። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረው ሔሪሳው በምትባል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ለሕሙማኑ ቴአትር ያዘጋጅላቸው ነበር፤ ቀድሞ በሠራበት ሆስፒታልም ዝንጀሮ አምጥቶ ሕሙማኑ ሲያዩት ምን እንደሚያደርጉ ይመለከት ነበር። ይህን ያነሣሁት ሰውየው ከወረቀቱ ይልቅ ሰውን ይወድ እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1911 ዓ.ም. መምህር ከሆነ ጓደኛው ጋራ የቀለም ጠብታዎችን ለተማሪዎች እያሳየ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ተወው። በ1917 ዓ.ም. ሺሞን ሄንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ 8 የቀለም ጠብታዎች ለብዙ ሰዎች አሳይቶ የደረሰበትን በመጽሐፍ አወጣ። ሄንስ የመዘገበው ሰዎቹ ያዩትን ነገር ነው። ሮርሻክ ግን ዋናው ጥያቄ ሰውየው ምን አየ ሳይሆን እንዴት አየ የሚለው ነው ብሎ አሰበ። እንደ እኔ አስተያየት የእርሱ ታላቅነት በዚህች በአንዲት ሐሳብ ላይ ነው።

ሁለት ሰዎች በአንዱ ሥዕል ላይ የሌሊት ወፍ ቢያዩ፣ አንዱ ሥዕሉን በሙሉ ወስዶ፣ ሌላው ከጥጉ ትንሽ ቍራጭ ለይቶ ያየ እንደ ሆነ፣ መልሳቸው በቃል አንድ ቢሆንም በአስተያየት አንድ አይደለም። አንዱ ቅርጹን ይከተላል፤ ሌላውን ቀለሙ ይስበዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የማይንቀሳቀሰው ሥዕል ሲንቀሳቀስ፣ ሰዎች ሲጨፍሩ ወይም ሲጐነበሱ ያያል። ሮርሻክ እንቅስቃሴን አብዝቶ የሚያይ ሰው ወደ ውስጡ የሚመለከት፣ ቀለምን አብዝቶ የሚያይ ደግሞ ስሜቱ ወደ ውጭ የሚፈስ ነው አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ነገር በእያንዳንዱ ሰው ዘንድ በተለያየ መጠን ይገኛል እንጂ ሰው በሁለት ሣጥን አይከፈልም ብሎ አስተምሯል።

እኛ ሰምና ወርቅ መፍታት የለመድን ሰዎች በሥዕሉ ውስጥ የተሸሸገ ወርቅ አለ ብለን መፈለጋችን አይቀርም። ነገር ግን ሰሙ ብቻ ቀርቦአል፤ ወርቁን የሚያመጣው ተመልካቹ ራሱ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እኔም በወረቀት ላይ ቀለም ጠብ አድርጌ ለአምስት የክፍል ጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዱ ጊንጥ፣ አንዷ ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች አዩ። ስለ ጠባያቸው ምንም አልነገርኋቸውም፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ምን እንዳወቅሁበት እስካሁን ድረስ እየተከታተለ ይጠይቀኛል። ሰው በማያውቀው መለኪያ መመዘንን ምን ያህል እንደሚፈራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሮርሻክ ሥዕሎቹን በ405 ሰዎች ላይ ፈተነ፤ ከእነዚህም 117ቱ ጤነኞች፣ የቀሩት ሕሙማን ነበሩ። መጽሐፉን ለማሳተም ግን ብዙ ተንከራተተ፤ ሥዕሎቹን ማተም ወጪ ስለሚያበዛ አሳታሚዎች እምቢ አሉት። በመጨረሻ በጓደኛው በዋልተር ሞርገንታለር እርዳታ በ1921 ዓ.ም. ታተመ። ሥዕሎቹ 10 ብቻ ሆኑ፤ 5ቱ ጥቍርና ግራጫ፣ 2ቱ ጥቍርና ቀይ፣ 3ቱ ባለ ብዙ ቀለም ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ሲያትማቸው አንድ ወጥ የነበረው ቀለም በቦታ በቦታ ደመቅና ፈዘዝ ብሎ ወጣ። ሌላ ደራሲ ቢሆን በተቈጣ ነበር፤ ሮርሻክ ግን ጥላ የሚመስለው አዲስ ነገር ለምርመራው እንደሚጠቅም አይቶ ደስ አለው።

መጽሐፉ አልተሸጠም ማለት ይቻላል። ከጀርመን ሊቃውንትም ዊልያም ስተርን አንድ ፈተና ብቻውን የሰውን ጠባይ ሁሉ ሊይዝ አይችልም ሲል ተቃወመው። ሮርሻክ ራሱም ቢሆን ሥራው ገና ሙከራ እንጂ የተፈጸመ ትምህርት እንዳልሆነ፣ የተሰወረውን የልብ ምስጢር ሁሉ የሚከፍት ቍልፍም እንዳልሆነ በመጽሐፉ አስጠንቅቆ ነበር። ሊያሻሽለው አስቦ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በ1922 ዓ.ም. በአፕሪል 2 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ ከወጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከሞተ በኋላ ፈተናው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እጅግ ገነነ። የዓለም ጦርነት በተፈጸመ ጊዜ፣ በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. በኑረምበርግ ለፍርድ የቀረቡትን የናዚ መሪዎች ኬሊና ጊልበርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በነዚህ ሥዕሎች መረመሩአቸው። ኬሊ እነዚህ ሰዎች በየትም አገር ሊገኙ ይችላሉ አለ፤ ጊልበርት ግን ጠባያቸው የታመመ ነው ብሎ ተከራከረ። መልሱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት ሆነ። በአሜሪካ ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጅ ለማን ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን ወላጆችን በዚህ ፈተና ያስመረመሩ ፍርድ ቤቶች እንኳ ነበሩ። እኔ ይህ ከልክ ያለፈ መታመን ይመስለኛል፤ ደራሲው ራሱ ያልታመነውን ያህል ታምነውበታልና።

ሌሎች ሊቃውንት በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1943 ዓ.ም. በሚኔሶታ የተዘጋጀው ፈተና ሥዕል የለውም፤ ከ500 በላይ የሆኑ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አቅርቦ ሰውየው እውነት ወይም ሐሰት እያለ እንዲመልስ ያደርጋል። አቈጣጠሩ ቀላልና አንድ ዓይነት ነው። የሮርሻክን ፈተና የሚጠቀሙት ግን በአሜሪካ ብቻ በአምስት ልዩ ልዩ መንገድ ይቈጥሩ ስለ ነበረ ጆን ኤክስነር በ1974 ዓ.ም. አንድ ሥርዓት አበጀለት። ከዚያም ወዲህ ክርክሩ አልበረደም፤ ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያስመስላል የሚሉ አሉ። የተዛባ አስተሳሰብን በመለየት ረገድ ግን ተቺዎቹ እንኳ ይጠቅማል ይላሉ።

ኦልጋ ባልዋ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ልጆቻቸውን አሳድጋ እስከ 1961 ዓ.ም. ኖራለች። አሥሩ ሥዕሎችም ቅርጻቸውም ተራቸውም ሳይለወጥ ዛሬም በ1921 ዓ.ም. እንደ ነበሩት ሆነው ይታተማሉ።