ከዓለት ሐረግ ያበቀለው ንጉሥ

ንጉሥ ነው፤ ካህን ነው፤ ቅዱስ ነው። በላስታ ተራሮች ዘንድ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ግን ዓለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ በማነጹ ነው።

በገድሉ እንደተጻፈው ቅዱስ ላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን 1101 ዓ.ም በሮሃ ተወለደ። ገና በእቅፍ ሳለ ንቦች መጥተው ከበቡት። እናቱም ንቦች ንግሥናውን እንዳወቁ ተረድታ ላሊበላ አለችው። ቀፎ ሰቅሎ የሚጠብቅ ገበሬ ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ መንጋ ያለ አውራ አይሰፍርም። ይህ ስም ግን ጠላት አመጣበት። ዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ሰጋ፤ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። ሦስት ቀን እንደ ሙት ሆኖ ተኛ፤ የሚያንጻቸውን አብያተ መቅደስም ያየው ያኔ ነው ይባላል። ከስደትና ከኢየሩሳሌም ጉዞ በኋላ ገብረ መስቀል ተብሎ ነገሠ። በ1202 ዓ.ም ገደማ ከግብፅ ፓትርያርክ የተላኩ መልእክተኞች በዙፋኑ ላይ አግኝተውታል።

ዓለቱ የተጠረበው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ዙሪያው ይቆፈራል፤ መካከሉ ላይ የሚቀረው ዓለት ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ዓምድ ይሆናል። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ዓለት ጠራቢ ግን በመሮው የሳተውን መልሶ አይገጥመውም። ትውፊቱ ሥራው 23 ዓመት ፈጀ ይላል፤ የታሪክ አጥኚዎች በበኩላቸው ከእርሱ በፊት የተጀመሩ እንዳሉ ያምናሉ።

ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ምድር ጠልቆ ቆሟል። ጎብኚ ሁሉ ዓይኑን የመስቀል ቅርጽ ባለው ጣሪያ ላይ ያሳርፋል፤ እኔ ግን ላይኛዎቹን መስኮቶች አስቀድማለሁ። ቅስታቸው ወደ ላይ ሾሎ እንደ ለጋ ቡቃያ ያበቃል፤ በግራና በቀኝ ቅጠልና ጥምዝ ሐረግ ወጥቷል። የብራና ጸሐፍት የመጽሐፍ ራስ የሚያስጌጡበትን ሥዕል ሐረግ ይሉታል። እዚህ ሐረጉ የበቀለው በቀለም ሳይሆን በመሮ ነው።

ባለቤቱ መስቀል ክብራ ቤተ አባ ሊባኖስን እንዳሳነጸች ይነገራል። የዚህ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ዛሬም ከተራራው አልተለየም። ንጉሡ ሰኔ 12 ቀን ዐረፈ፤ ዙፋኑንም የወንድሙ ልጅ ነአኩቶ ለአብ ወረሰ።

በ1262 ዓ.ም ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት አበቃ። መንግሥት ሲለወጥ የቀደመውን ማፍረስ የተለመደ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ገነተ ማርያም ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጥበብ፣ እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያዋን በዓምድ ታጥራ ከዓለት ተፈለፈለች። ግድግዳዋ ላይ የይኩኖ አምላክ ምስል ተሥሎ ይታያል።