አልፍሬድ ቬገነርና የአፋር ምድር

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት የሚያየው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ጭው ያለ ሜዳ ነው። ምድሩ የረጋ ይመስላል። ይሁን እንጂ የብስ ሲከፈል በዓይን ከሚታይባቸው እጅግ ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። ይህን አገር በእግሩ ሳይረግጥ በካርታ ብቻ ተመልክቶ ጠባዩን ከተረዱት ቀደምት ሊቃውንት መካከል ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ይገኛል። ሐሳቡ ትክክል፣ የልኬት ቁጥሩ ግን ስሕተት የነበረው የዚህ ሰው ታሪክ መለካትና መገንባት ሙያችን ለሆነው ለእኛ ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቬገነር እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1880 በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሃይማኖት ሰውና የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ነበር። ወጣቱ ግን ልቡ ወደ ሰማይ ስላዘነበለ ሥነ ፈለክን አጥንቶ በ1905 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉም በመካከለኛው ዘመን ስለ ተዘጋጁት የፕላኔቶች እንቅስቃሴ ሠንጠረዦች ነበር። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ አየር ጠባይ ጥናት መለሰ። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በፊኛ ከ52 ሰዓት በላይ በአየር ላይ በመቆየት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ አሳሾች ጋር ወደ ግሪንላንድ ተጓዘ። የጉዞው መሪና ሁለት ባልደረቦቹ በበረዶው ላይ ሲሞቱ ቬገነር ግን ተርፎ በ1908 ተመለሰ። ሥነ ፈለክንም ፈጽሞ አልተወም። በ1921 ባሳተመው ጥናት የጨረቃ ጉድጓዶች ከጠፈር የመጡ አካላት ወድቀው የፈጠሯቸው እንጂ የእሳተ ገሞራ አፎች አለመሆናቸውን አስረድቷል። የኋላ ምርምርም በአብዛኛው ይህንኑ አረጋግጦለታል።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ቬገነር የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ጠረፎች እንደ ተሰበረ ገል ገጣጣሚ መሆናቸውን ተመልክቶ፣ በሁለቱም ዳርቻ የተገኙትን ቅሪተ አካላትና የድንጋይ ዓይነቶች አነጻጸረ። በጥር 1912 በፍራንክፈርት ለተሰበሰቡ የሥነ ምድር ጠበብት አህጉሮች በጥንት ዘመን አንድ እንደ ነበሩና ቀስ በቀስ እየተራራቁ እንደ ሄዱ ገለጸ። በ1915፣ በጦርነት ቆስሎ ከታከመ በኋላ፣ ይህንኑ በመጽሐፍ መልክ አወጣው። መጽሐፉ እስከ 1929 ድረስ እየታረመ አራት ጊዜ ታተመ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የእኛም አገር ትገኛለች። ዐረቢያን ወደ አፍሪካ መልሶ ለመግጠም የሞከረ ሰው አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች ሲገጣጠሙ የዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን በአፋር ሜዳ ላይ ይደረባል። ቬገነር በአንኮበር፣ በበርበራና በምጽዋ መካከል ያለው ይህ ሦስት ማዕዘን በወጣት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ስፍራው የጥንቱ አህጉር አካል ሳይሆን ስምጥ ሸለቆው ሲሰፋ የተፈጠረ አዲስ ወለል ነው ብሎ ደመደመ። ይህን አዲስ ወለል ከካርታው ላይ ስናነሣው ዐረቢያ ከአፍሪካ ጋር ትገጥማለች። የዘመናችን ጥናት ዝርዝሩን ቢያሻሽለውም የነገሩ ፍሬ ይኸው ነው።

ቬገነር ሐሳቡን በካርታ ብቻ ሳይሆን በልኬት ሊያረጋግጥ ተነሣ። መሣሪያዎቹም ከዋክብትና ጨረቃ ነበሩ። የአንድን ስፍራ ኬንትሮስ ለማወቅ የስፍራውን ሰዓት ከከዋክብት አሳልፎ መለካት፣ ከዚያም ከግሪንዊች ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የሬዲዮ ምልክት ባልነበረበት ዘመን የግሪንዊች ሰዓት ከጨረቃ አቋም ይሰላ ነበር። በ1823፣ በ1870ና በ1907 ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ አገሪቱ በዓመት ከ9 እስከ 32 ሜትር ወደ ምዕራብ የተጓዘች አስመሰሉ። ነገር ግን የአንድ ሰከንድ ስሕተት በዚያ ኬክሮስ ላይ ወደ 120 ሜትር፣ በአዋሽ ኬክሮስ ላይ ደግሞ ወደ 460 ሜትር ይሆናል። ቬገነር የለካው በአብዛኛው የመሬቱን ጉዞ ሳይሆን የመሣሪያውንና የዘዴውን ስሕተት ነበር። እውነተኛው ፍጥነት በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እርሱ ከገመተው በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳል።

ተቃዋሚዎቹም ደካማ ጎኑን አላጡትም። አህጉሮችን ያንቀሳቅሳሉ ያላቸው ኃይሎች ለሥራው እጅግ አነስተኛ መሆናቸውን የፊዚክስ ሊቃውንት በስሌት አሳዩ። በ1926 በኒው ዮርክ በተደረገው ጉባኤ ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ሐሳቡን ነቀፉ። በጀርመን አገር የፕሮፌሰርነት ወንበር ያላገኘው ቬገነር በ1924 በኦስትሪያ፣ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ተሾመ።

በ1930 የበረዶውን ውፍረትና የአየሩን ጠባይ ለማጥናት አንድ ታላቅ ቡድን መርቶ ወደ ግሪንላንድ ተመለሰ። ከጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ በበረዶው መካከል የተተከለው ጣቢያ ለክረምቱ በቂ ስንቅ ስላልነበረው በመከር መጨረሻ ራሱ ስንቅ ሊያደርስ ተነሣ። ጥቅምት 30 ቀን ሲደርስ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። ያሰበውንም ስንቅ አብዛኛውን በመንገድ ጥሎት ነበር። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ኅዳር 1 ቀን፣ 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ራስሙስ ቪሉምሰን ከተባለ የግሪንላንድ ወጣት ጋር የመልሱን ጉዞ ጀመረ። ሁለቱም ከጠረፍ አልደረሱም። በግንቦት 1931 የቬገነር አስከሬን በክብር ተገንዞ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቬገነር የተመኘው ልኬት የተገኘው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ጥናት የወለሉን መስፋት አሳየ። በ1976 ላጌዎስ የተባለች ሳተላይት መጠቀች። የጨረር ብርሃን ወደ እርሷ ተልኮ ሲመለስ የወሰደው ጊዜ ተለክቶ የምድር ጣቢያዎች አቋም በሴንቲ ሜትር ይታወቅ ጀመር። የሬዲዮ ቴሌስኮፖችም እጅግ ሩቅ የሆኑትን ኳዛሮች እንደ ቋሚ የቅየሳ ምልክት እየተጠቀሙ በ1980ዎቹ የአውሮፓንና የአሜሪካን መራራቅ ለኩ። ስለዚህ መልሱን የሰጠው ቬገነር በወጣትነቱ የተማረው ሥነ ፈለክ ነው፤ ልዩነቱ የመሣሪያው ጥራት ብቻ ነው።

አፋርም ተራዋን አላጣችም። በመስከረም 1805 ሳይሆን በእኛው ዕድሜ፣ በመስከረም 2005፣ ከሰመራ በስተ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዳባሁ አካባቢ ምድር ተናወጠች። ኤንቪሳት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያነሣቻቸው የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጥ ዐለት ከታች ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር እንደ ከፈተው ታወቀ። ዐረቢያና አፍሪካ በዚያ አካባቢ በዓመት የሚራራቁት በሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለዘመናት የተጠራቀመው ውጥረት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተለቀቀ ማለት ነው። አማካይ ቁጥር ብቻውን መሐንዲስን እንደሚያታልል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

በአዋሽ በኩልም ከመስከረም 2024 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በ2025 መጀመሪያ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። በዚህም ጊዜ ቅልጥ ዐለቱ የሄደበትን መንገድ ያሳዩት የሳተላይት ራዳሮች ናቸው። በዚሁ አካባቢ የጅቡቲ አውራ መንገድና የባቡር ሐዲድ ያልፋሉ፤ የከሰም ግድብም ይገኛል። ከሰመራ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ሰርዶም በ1969 በመሬት መንቀጥቀጥ መፍረሷን ማስታወስ ይገባል።

ቬገነር የነበረው መሣሪያ የሚፈልገውን ሊያሳየው አልቻለም፤ ስለዚህ ስሕተቱ ይቅር ይባልለታል። እኛ ግን የሴንቲ ሜትርን እንቅስቃሴ ከሰማይ የሚያሳይ ምስል በእጃችን ገብቷል። በአዋሽና በሰመራ መካከል ድልድይ የሚነድፍ፣ ግድብ የሚፈትሽ ወይም ቤት የሚሠራ ባልደረባ ከመሠረቱ በፊት ይህን ምስል ሊጠይቅ፣ የልኬቱንም የስሕተት መጠን አብሮ ሊያውቅ ይገባዋል። ምድሩ እንደሚሄድ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ተነግሮናል፤ አሁን ደግሞ በስንት እንደሚሄድ እናውቃለን።