የስደተኞቹ ጠበቃ

ስለ ስደተኛና ስለ ጠበቃ በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ይሄዳል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከአስማ ቢንት ዑመይስ ጋር የመካን ግፍ ሸሽተው ሐበሻ ገቡ። ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ነው።

ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር ላኩ። የመካ ቆዳ ይዘው መጥተው አስቀድመው ለሹማምንቱ አደሉ። ልብ በሉ፣ የፈለጉት ፍርድ አልነበረም፤ ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንዲሰጡ ነው። ንጉሥ ነጃሺ ግን ሳይሰሙ አሳልፎ መስጠትን እምቢ አሉ።

ጃዕፈር ለሁሉም ቆሙ። አንዳንድ ዘገባዎች እንደሚሉት በመጀመሪያ ከሳሾቹ ሦስት ነገር እንዲጠየቁ አደረጉ፤ እኛ የኮበለልን ባሪያዎች ነን ወይ፣ ደም አፍስሰናል ወይ፣ የሰው ገንዘብ ወስደናል ወይ የሚል ነው። ዐምር ለሦስቱም አይደለም ብሎ መለሰ። ክሱን ከሳሹ ራሱ ባዶ አደረገው! የዛሬው የስደተኛ ጠበቃ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዚያም ከሱረቱ መርየም ቀሩ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) በተንኮል ቢጠየቁም ንጉሡን ለማስደሰት ብለው እምነታቸውን አልሸራረፉም። ስጦታው ተመለሰ፤ ስደተኞቹ በሰላም ተቀመጡ።

ከ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ስንቱ እንዲህ የሚቆምለት ሰው አግኝቶ ይሆን?

ጃዕፈር በ628 ከኸይበር ዘመቻ ጋር ተገጣጥመው ተመለሱ፤ በ629 ሙእታ ላይ ሰንደቁን እንደያዙ ሸሂድ ሆኑ።