ሻርክን ያስፈራን ሰው ለሻርክ ጠበቃ ሲቆም

ሻርክ ሲባል ቶሎ ምን ይመጣባችኋል? እኔ ከውኃው በላይ ብቅ ያለች ክንፍ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ከዚያ ደም ይታየኛል። ባሕር በር በሌለው አገር አድገን ይሄን ፍርሃት ከየት አመጣነው ብዬ ሳስብ አንድ ሰው ጋ እደርሳለሁ፤ ፒተር ቤንችሊ።

ቤንችሊ በ1940 ኒውዮርክ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አያቱ ዝነኛ የቀልድ ጸሐፊ፣ አባቱም ደራሲ ነበሩ። እሱ ሃርቫርድ ተምሮ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በኋላም የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ንግግር ጸሐፊ። ጆንሰን በ1969 ከሥልጣን ሲወርዱ እሱም ሥራ አጣ። እዚህም እዚያም እየጻፈ ቤተሰቡን ማስተዳደር ያዘ።

በ1964 አንድ ዓሣ አጥማጅ ሎንግ አይላንድ አጠገብ 2,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናል የተባለ ነጭ ሻርክ መያዙን አንብቦ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጡር መዝናኛ ከተማ አጠገብ መጥቶ አልሄድም ቢልስ? ሐሳቡ ከጭንቅላቱ አልወጣም። ለአንድ አሳታሚ ሲያጫውተው 1,000 ዶላር ቀብድ ተሰጠው።

ጆውስ፣ ማለትም መንጋጋ፣ በ1974 ታተመ። እኔን በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስጨንቀኝ ሻርኩ ብቻ አይደለም። የፖሊስ አዛዡ ብሮዲ ባሕር ዳርቻው ይዘጋ ሲል፣ የከተማዋ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ገበያችን ይሞታል ብለው እምቢ ይላሉ። ሰው ሞቶ እነሱ ሂሳብ ይሠራሉ። መጽሐፉ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ በዓመቱ ስፒልበርግ ፊልም አደረገው። ቤንችሊም ዜና የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሆኖ ፊልሙ ላይ ብቅ ብሏል።

ችግሩ ብዙ ሰው ልብወለዱን እንደ እውነት መውሰዱ ነው። ሻርክ መግደል ጀግንነት መሰለ። ቤንችሊ ግን ከተመራማሪዎች ጋር ባሕር እየጠለቀ ሲሄድ፣ እሱ የጻፈው ዓይነት ሻርክ እንደሌለ ገባው። ሻርክ ቂም ይዞ ሰው አያሳድድም። እንዲያውም ኮስታሪካ አካባቢ ሲጠልቅ፣ ክንፋቸው ለሾርባ ተቆርጦ ባሕር ወለል ላይ የተጣሉ ሻርኮችን አየ።

ከዚያ በኋላ ሻርክን ለመከላከል ጻፈ፣ አስተማረ፣ በየአገሩ ዞረ። ያወቀውን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያን መጽሐፍ እንደማይጽፈው ሳይሸሽግ ተናገረ። እኔ እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የማከብረው። ዝናም ሀብትም የሰጠውን ታሪክ ራሱ መሞገት ቀላል ነገር አይደለም።

በ2006፣ በ65 ዓመቱ አረፈ። ዛሬም ሻርክ በዓመት የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጡም፤ ሰው የሚገድላቸው ሻርኮች ግን በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ጆውስን ያላነበባችሁ አንብቡት፤ ከእጅ አይወርድም። ስትጨርሱ ግን ይቺን አስታውሱ፦ በ2015 ተመራማሪዎች አዲስ ላገኙት አንድ ትንሽ የጥልቅ ባሕር ሻርክ ስም ሲያወጡ፣ የመረጡት የቤንችሊን ስም ነው።