ከማኖቬላ የገላገለን ሰውዬ እና ትራክ ላይ የሚቃጠለው ኮይል

ቁልፍ አዙራችሁ መኪና ስታስነሱ የማን ውለታ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ? ቻርልስ ኬተሪንግ ይባላል። ዛሬ የሱን ታሪክ እናያለን፤ በዚያው ትራክ ላይ በኃይል የሚነዳ መኪና ኮይሉ ለምን ቶሎ እንደሚሄድም ይገባናል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኬተሪንግ በ1876 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ቢገባም በዓይኑ ምክንያት አቋርጦ የስልክ መስመር ሲዘረጋ ቆየ። ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ።

ሥራ ያገኘው ዴይተን ከተማ፣ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር የሚባል ድርጅት ውስጥ ነው። በእጅ ይዞር የነበረውን የሱቅ ሒሳብ ማሽን በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አደረገው። ዘዴው ምን መሰላችሁ? ማሽኑ ጉልበት የሚፈልገው ለቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሿ ሞተር ከአቅሟ በላይ ብትሠራም ለመጋል ጊዜ የላትም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ።

በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ዴልኮን መሠረቱ። ወርክሾፓቸው የዲድስ ግቢ ውስጥ ያለ ጎተራ ነበር። ኮይል ራሱ ከዚያ በፊት የነበረ ነገር ነው። ኬተሪንግ ያደረገው በባትሪ የሚሠራ፣ በየተራው አንድ ጠንካራ ብልጭታ ብቻ የሚሰጥና ባትሪ የማይጨርስ አሠራር ማምጣት ነው። ካዲላክ ወዲያው ወሰደው።

ቀጥሎ ሞተሪኖ መጣ። ያኔ ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ ነበር፤ ማኖቬላው ወደኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። ኬተሪንግ የሱቅ ማሽኑን ዘዴ እዚህም ደገመው፦ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከባድ ጉልበት። ሞተሪኖው በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ለገበያ ወጣ።

ታሪኩ ግን ጥቁር ገጽም አለው። በ1921 እሱ በሚመራው የጄኔራል ሞተርስ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሞተር እንዳያንኳኳ ቤንዚን ላይ እርሳስ መጨመር ተጀመረ። በ1924 ኬሚካሉን የሚያመርቱ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ፤ ምርቱ ግን ቀጠለ፣ የሻጩ ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ኬተሪንግ ነበር። ዓለም ለመኪና ከሚሸጥ እንዲህ ያለ ቤንዚን የተገላገለው በ2021፣ አልጄሪያ ስታቆም ነው። በትንሹ ምንም አይመስልም የተባለው ነገር ተጠራቅሞ ብዙ ሰው ጎዳ። ኬተሪንግ በ1958፣ በ82 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደያዛችሁልኝ ነጥብ እንመለስ። ሞተሪኖ ለሰከንዶች ሠርቶ ያርፋል። ኮይል ግን ዕረፍት የለውም። በዘመናዊ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር እያንዳንዱ ኮይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይተኩሳል፤ ያውም ከጋለ ቴስታታ ላይ ተቀምጦ። ከተማ ውስጥ እንዲህ የምትነዱት ለአፍታ ነው። ትራክ ላይ ግን ዙር በዙር ይቀጥላል፤ ሙቀቱ ሲጠራቀም የኮይሉ ሽፋን ይደክማል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ካንዴላ በጊዜው ቀይሩ። ካንዴላው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ብልጭታው ያንን ለመዝለል ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል፤ ኮይሉም ይጨነቃል። ብዙ ጊዜ ኮይል የሚገድለው ያረጀ ካንዴላ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮይሉን ስትነቅሉ የካንዴላውን ጉድጓድ እዩ። ዘይት ካለ መጀመሪያ የሚያፈሰውን አሠሩ፤ ዘይት የኮይሉን ጎማ ያበላሻል። የተሰነጠቀ ጎማና የላላ ሶኬትም አይታለፍም።

ሦስተኛ፣ ከፈጣን ዙር በቀጥታ ገብታችሁ ሞተር አታጥፉ። አንድ ዙር በዝግታ ንዱ፣ ከቆማችሁ በኋላ ኮፈኖ ክፈቱ። ውሃው መዞር ሲያቆም የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ፣ ወደ ኮይሎቹ ይወጣል።

አራተኛ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልላችሁ ሰው የኮይሉን የመሙያ ጊዜ ዝም ብሎ እንዳይጨምር ንገሩት። ብልጭታው ቢጠነክርም ግለቱ ይብሳል።

ሞተሩ መንቀጥቀጥና ጉልበት ማጣት ከጀመረ ደግሞ ያንን ዙር ለመጨረስ አትታገሉ፣ ውጡ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊቲኩን ያቃጥለዋል፤ እሱ ደግሞ ከኮይል በብዙ እጥፍ ውድ ነው።

መኪና ለሚወድ ጓደኛችሁ አጋሩት።