ሂካ፦ ተሽጦ የወጣበት አገር መጽሐፍ ይዞ የተመለሰው ልጅ

ቤተሰቦቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። የልጁን ዕጣ አስቀድመው ያወቁ ነው የሚመስለው! እኛ የምናውቀው ግን ኦነሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ጠልፈው ወሰዱት። ከዚያ አንዱ ለአንዱ እየሸጠው ምጽዋ ደረሰ። እስቲ ካርታ ክፈቱና ከኢሉባቦር ምጽዋ ያለውን ርቀት እዩት። ያንን መንገድ የሄደው ልጅ ሆኖ፣ እንደ ዕቃ እየተሸጠ ነው።

ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና እምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ኦነሲሞስ ማለት ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም ነው፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ይለዋል።

ከዚያ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። እዚያው ልቅር ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ተመለሰ፤ ያውም ወደተሸጠበት አገር። ምጽዋ ላይ ምሕረት ኃይሉን አግብቶ ወዲያው ጉዞ ጀመረ። ሚሲዮናውያን በመሀል አገር እንዳያልፉ ስለተከለከሉ በሱዳን በኩል ዞሩ። ጉዞው ግን አልተሳካም፤ እሱም በወባ ይሁን በሌላ፣ ብቻ በትኩሳት ወደቀ። ሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲመለሱ የማሕዲ አመፅ ፈንድቷል። ሁለተኛው ሙከራ እንጦጦ ድረስ አደረሰው፤ ከዚያም መልሰውት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መግባት ለተከለከለበት አገር ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ መተርጎም ቀጠለ! ሰው እግዚአብሔርን አምናለሁ ሲል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከፈለጋችሁ፣ ይኸው።

ችግሩ ግን ከአገሩ በልጅነቱ ስለወጣ ኦሮምኛው አልበቃውም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘላት ሴት አለች፤ አስቴር ጋኖ። እሷም በባርነት የኖረች ናት፤ በ1886 ከባሪያ መርከብ ላይ ጣሊያኖች አስለቅቀዋት እምኩሉ መጣች። ቃላቱን የሰበሰበችው እሷ ናት፤ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ አባባሎችንም ከአእምሮዋ አውጥታ ጽፋለች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ሲታተም ግን ሽፋኑ ላይ የወጣው የሱ ስም ብቻ ነው። ይሄ ትክክል አይመስለኝም።

በ1904 ወለጋ ገቡ። ነቀምት ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። ከተሸጠ 35 ዓመት ሆኖታል።

ግን አላበቃም። በኦሮምኛ መስበኩ ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጨው፤ ማርያምን ሰድቧል ተብሎ ተከሰሰ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ይሰደድ ብለው ወሰኑ። ዳግማዊ ምኒልክ ውሳኔውን ሻሩት፤ ነቀምት ይመለስ፣ ስብከት ግን ይቅር አሉ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለመስበክ ነበር። ቢሆንም ጥሎ አልሄደም፤ በትምህርት ቤቱ ልጆች ማስተማር ያዘ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱለት ድረስ አሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ኖረ።

ኦነሲሞስ ያረፈው እሁድ ሰኔ 21 ቀን 1931 ነው። አስቴር ከሱ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች፤ ያረፈችው በ1964 ነው።