ቶም ምቦያ፦ ዓላማን በአጭሩ ያስረዱት ኬንያዊ

በናይሮቢ ላቪንግተን መኖሪያ ቤት የነበራቸው ቶም ምቦያ የተወለዱት እአአ በ1930 ነው። በከተማዋ ምክር ቤት የንጽሕና ተቆጣጣሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም የሠራተኞች ማኅበር መሪ ሆኑ።

ለወጣቶች በአሜሪካ የትምህርት ዕድል ሲጠይቁ ዓላማቸው ግልጽ ነበር፦ ነጻ የምትወጣው ኬንያ የተማረ የሰው ኃይል ያስፈልጋታል። ከወጣቶቹ ችግር ይልቅ ተምረው ሲመለሱ የሚሰጡትን አገልግሎት አስቀደሙ። በሲቪው ላይ የሥራ ዓላማውን የሚጽፍ አመልካችም ለቀጣሪው የሚያበረክተውን ቢያስቀድም ይደመጣል።

በ1959 ሰማንያ አንድ ተማሪዎች ወደ አሜሪካ በረሩ። በቀጣዩ ዓመት የኬኔዲ ቤተሰብ ፋውንዴሽን 100 ሺህ ዶላር ለገሰ፤ የኋላዋ የኖቤል ተሸላሚ ዋንጋሪ ማታይም ያኔ ተጓዙ።

ምቦያ በሐምሌ 1969፣ በ38 ዓመታቸው፣ ናይሮቢ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የላኳቸው ወጣቶች ግን አገራቸውን አገለገሉ።